‹ሄዳችሁ› ልበላቸው ወይስ ‹ላክናችሁ›?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ 31 ዓመቴ ነው። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ በሰኔ 2001 ዓ.ም. በጉዲፈቻ ስፔን ሄደዋል። ትልቁ ያኔ 6፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነበር። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ አባታችንን አናውቀውም ማለት ይቀላል። ያሳደገችን አያታችን ናት፤ ወረቀቱ ላይ የፈረመችውም እሷ ናት። እኔ 15 ዓመቴ ነበር። ሁለቱን በሁለት እጄ ይዤ እስከ አዲስ አበባ የሸኘሁት እኔ ነኝ።

አምና ትልቁ በፌስቡክ ፈልጎ አገኘኝ። የሚኖሩት ሳራጎሳ የምትባል ከተማ ነው። አማርኛው ጠፍቷል፤ ትንሹ ‹ቆሎ› የምትል ቃል ብቻ ይዞ ቀርቷል። በእንግሊዝኛ እንዳንጻጻፍ የእነሱም የእኔም ለቁም ነገር የሚበቃ አይደለም። ስለዚህ ስፓኒሽ በስልኬ መማር ጀመርኩ። ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እለማመዳለሁ። አንድ ዓመት ሞላኝ።

ከሦስት ወር በፊት ያለማንም እርዳታ የመጀመሪያውን ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ‹እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ› ለማለት፣ የስልኩ ትምህርት እንዳሳየኝ፣ ‹ኩዋንዶ ሴ ፉዌሮን› አልኩ። ትንሹ ‹እነማን ናቸው የሄዱት?› ብሎ መለሰልኝ። ትልቁ ደግሞ ‹እናንተ› ለማለት ‹ኡስቴዴስ› ያልኩበትን መስመር መልሶ ላከልኝና ‹ለምንድን ነው እንደ ባንክ የምትጽፊልን?› አለኝ። የሳቅ ምልክት አብሮበት ነበር። እኔን ግን ወጋኝ። ለባዕድ የምጽፍ መሰልኩ ማለት ነው?

ከዚያ ወዲህ ‹ቦሶትሮስ› የሚባል ሌላ ‹እናንተ› እንዳለ አወቅሁ። ግን መጨረሻው አንዴ ‹ስቴይስ›፣ አንዴ ‹ባይስ›፣ አንዴ ‹ያይስ› እየሆነ ራሴን አዞረው። አሁን ነሐሴ ላይ ሊመጡ ቲኬት ቆርጠዋል። ከመምጣታቸው በፊት እንዴት እንደሄዱ እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል። አያታችን ‹ሄዳችሁ በያቸው፤ ሰጠናችሁ እንዳትዪ› ትለኛለች። እሷ ያኔ የተነገራት ተምረው እንደሚመለሱ ነው። እኔ ግን የአራት ዓመት ልጅ ‹ሄደ› ይባላል ወይ እላለሁ። አስተርጓሚ ፈልጌ በአማርኛ ልናገር? ወይስ በተሰባበረ ስፓኒሼ ልጻፍ? ጨነቀኝ።

ታላቅ እህት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ከባንኩ እንጀምር።

ስፔን ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በ‹ኡስቴድ›፣ ማለትም በ‹እርስዎ›፣ ደብዳቤ የጻፈልኝ ባንክና መብራት አስከፋይ ነበር። ወንድምሽ የቀለደው እውነቱን ነው። የቀለደው ግን በቃሉ ነው እንጂ ባንቺ አይደለም። ደግሞ አስቢው፦ ባዕድ የመሰለሽን ሰው ‹ለምን እንደ ባዕድ ትጽፊያለሽ› ብለሽ ትቆጪዋለሽ? ይሄ የሚባለው ለቤት ሰው ነው። እኔ ያን መልስ ያነበብኩት እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ‹ጠጋ በይ› ነው።

የስልኩ ትምህርትም አልዋሸሽም። ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ባለው ምድር ሁሉ፣ እናት ልጆቿን ሰብስባ ስትቆጣም ‹ኡስቴዴስ› ነው የምትለው፤ ሌላ ‹እናንተ› በዕለት ንግግር የላቸውም። በራሷ በስፔንም የካናሪ ደሴቶችና የምዕራብ አንዳሉሲያ ሰው እንደዚያው ነው። ወንድሞችሽ የካናሪዋ ከተማ ላስ ፓልማስ አድገው ቢሆን ኖሮ ደብዳቤሽ ያለ አንዳች ጥያቄ ያልፍ ነበር። ያደጉት ግን ሳራጎሳ ነው። እዚያ ‹እናንተ› ሁለት ነው፦ ለማይታወቅና ለሚከበር ሰው ‹ኡስቴዴስ›፣ ለወዳጅ፣ ለልጅ፣ ለወንድም ‹ቦሶትሮስ›። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ታች ፎቅ የሚኖሩትን አዛውንት ባልና ሚስት በአገሬ ጨዋነት በ‹ኡስቴዴስ› ‹ወዴት ሄዱ?› ብዬ ብጠይቃቸው፣ ሴትየዋ ‹እርጅናችንን አታስታውሺን› አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹ቦሶትሮስ› ሆኑ።

አሁን የትንሹን ጥያቄ እንየው። ‹እነማን ናቸው የሄዱት?› ያለሽ ሊያሾፍ አይደለም፤ በእርግጥ ግራ ገብቶት ነው። ይሄን ለማስረዳት አማርኛችን ይበቃል። ‹እርስዎ መቼ ሄዱ?› እና ‹እነሱ መቼ ሄዱ?› ስንል ግሡ አንድ ነው። ‹እርስዎ› የሚለውን አንስተሽ ‹መቼ ሄዱ?› ብቻ ብትዪኝ፣ እኔም ‹እነማን?› ማለቴ አይቀርም። የስፓኒሹም አክብሮት እንዲሁ የሩቅ ሰውን ግሥ ተውሶ ነው የሚሠራው። ‹ኡስቴድ› የተወለደው ‹ቡዌስትራ ሜርሴድ› ከሚል አጠራር ነው፤ በእኛ ‹ጌትነትዎ› እንደማለት። ሰውየውን ፊት ለፊት ከመጥራት ጌትነቱን መጥራት ስለሆነ ግሡ የ‹እሱ›፣ ሲበዛም የ‹እነሱ› ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ‹ሴ ፉዌሮን› ስትዪ የሳራጎሳው ልጅ የሚሰማው ‹እነሱ ሄዱ› ነው። ይሄን ለወንድሞችሽ ንገሪያቸው። ‹በእኛም ቋንቋ እንዲሁ ነው› ብለሽ አንድ የአማርኛ ምሳሌ ብትልኪላቸው፣ የተሳሳተው ደብዳቤ የመጀመሪያው የአማርኛ ትምህርታቸው ይሆናል።

መጨረሻዎቹ ራስሽን ያዞሩት አንድ ላይ ስለመጡብሽ ነው። በየተራ እንያቸው፤ ላንቺ ደብዳቤ የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አማርኛ ውስጥ ጓደኛ አላቸው።

አንደኛው ሆኖ ያለቀው ነገር ነው፤ የእኛ ‹ሄዳችሁ፣ በላችሁ፣ አለቀሳችሁ›። እኛ መጨረሻው ላይ ‹ችሁ› እንደምናደርግ እነሱ ‹ስቴይስ› ያደርጋሉ። ለአንድ ሰው የሚባለውን ካወቅሽ ሥራው አልቋል፤ ጫፉ ላይ ‹ይስ› ጨምሪበት። ‹ዬጋስቴ› ‹ደረስክ› ነው፣ ‹ዬጋስቴይስ› ‹ደረሳችሁ›። ‹ኮሚስቴ› ‹በላህ› ነው፣ ‹ኮሚስቴይስ› ‹በላችሁ›። ለወጉ አልገዛም የሚሉት ግሦች እንኳ እዚህ ላይ ይታዘዛሉ፦ ‹አሴር›፣ ማድረግ፣ ‹ኢሲስቴ› ካለ ‹ኢሲስቴይስ› ይላል፤ ‹ቤኒር›፣ መምጣት፣ ‹ቢኒስቴ› ካለ ‹ቢኒስቴይስ› ይላል። እንዲያውም ‹ስቴይስ› ከለመድሽው ከ‹እነሱ› ይቀልላል፤ ‹ተኙ› ለማለት ‹ዱርሚዬሮን› ብለሽ ድምፁን ትቀይሪያለሽ፣ ‹ተኛችሁ› ግን ምንም ሳይለወጥ ‹ዶርሚስቴይስ› ነው። ስትጽፊ ‹ስቴይስ› ላይ የድምፅ ጭረት አታድርጊ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አንዱን ለብቻው ስታናግሪ ‹ፉዊስቴ› በይ፤ ‹ፉዊስቴስ› ብለሽ ‹ስ› አትቀጥዪበት። ይሄን ስህተት ስፔናውያኑ ራሳቸው ይሠሩታል፤ አስተማሪዎችም ይቆጡበታል። ነገሩ ያስቃል፤ ያ የሚወገዘው ‹ስቴስ› በድሮው ስፓኒሽ ትክክለኛው የ‹እናንተ› መጨረሻ ነበር፤ ‹ስቴይስ› ቦታውን የያዘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

‹ፉዊስቴይስ› የሚለው ቃል ደግሞ ሁለት ፊት አለው። የ‹መሄድ› እና የ‹መሆን› ግሥ ኃላፊ ጊዜያቸው አንድ ነው፤ ‹ሄዳችሁ›ም ነው፣ ‹ሆናችሁ›ም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዙሪያው ነው። ‹ከቤት ወጥታችሁ ሄዳችሁ› ለማለት ከፊቱ ‹ኦስ› ይገባል፦ ‹ኦስ ፉዊስቴይስ›። ወደዚህ ቃል እመለስበታለሁ፤ የአያትሽ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የእኛ ‹ትጫወቱ ነበር፣ ታለቅሱ ነበር› ነው። ‹ባይስ› እና ‹ያይስ› የሚሉት የዚህ ናቸው። ግሡ በ‹አር› ካለቀ ‹ባይስ›፦ ‹ኹጋባይስ›፣ ትጫወቱ ነበር፤ ‹ዮራባይስ›፣ ታለቅሱ ነበር። በ‹ኤር› ወይም በ‹ኢር› ካለቀ ‹ያይስ›፦ ‹ኮሚያይስ›፣ ትበሉ ነበር፤ ‹ዶርሚያይስ›፣ ትተኙ ነበር። እዚህ ‹ኢ›ዋ ላይ ጭረት ይደረጋል። ያፈነገጡት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ‹ኤራይስ›፣ ነበራችሁ፤ ‹ኢባይስ›፣ ትሄዱ ነበር፤ ‹ቤያይስ›፣ ታዩ ነበር። በቃ። ዕድሜም በዚህ ነው የሚነገረው፤ ስፓኒሽ ዓመትን ‹መያዝ› ነው የሚለው፤ ‹ቴኒያይስ ኩዋትሮ ኢ ሴይስ አኞስ›፣ የአራትና የስድስት ዓመት ልጆች ነበራችሁ።

ልዩነቱ እንዲገባሽ አንዱን ግሥ በሁለቱም በይው። ‹ዮራስቴይስ› ያን ቀን አለቀሳችሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ሆነ፣ አለቀ። ‹ዮራባይስ› ግን ልቅሶው አሁንም ጆሮሽ ላይ እንዳለ ነው። ያን ቀን አዲስ አበባ ላይ የትኛው ነበር? የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሰዋስው አይነግርሽም።

ሦስተኛው ‹መጥታችኋል? በልታችኋል?› ነው፤ ‹አቤይስ ቤኒዶ? አቤይስ ኮሚዶ?›። የእኛ ‹በልታችኋል› ሲፈታ ‹በልታችሁ› እና ‹አለ› ነው፤ የእነሱም እንዲሁ ረዳት ግሥና ዋና ግሥ ነው። ሳራጎሳ ዛሬ ለሆነውና ገና ትኩስ ለሆነው ነገር ይሄን ይመርጣሉ። ለትናንትና ለድሮው ወደ ‹ስቴይስ› ይመለሳሉ።

ሰዋስው ይብቃን። ዋናው ነገር አሁን ነው የሚመጣው።

ከመጻፍሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ምን ታውቃላችሁ? ስፔን በፈረንጆቹ 2007 ያወጣችው የዓለም አቀፍ ጉዲፈቻ ሕግ፣ ልጆቹ 18 ዓመት ሲሞላቸው ስለ ትውልዳቸው ያለውን መረጃ የማወቅ መብት ይሰጣቸዋል። ሁለቱም ያን ዕድሜ አልፈዋል። ፋይላቸውን አይተው ሊሆን ይችላል። ላያዩም ይችላሉ። ፋይሉ ውስጥ የተጻፈው አያትሽ ከምታስታውሰው ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ በዚያው በሦስተኛው ቅርጽ ‹ኬ አቤይስ ሌኢዶ?› በያቸው፣ ምን አንብባችኋል? ይሄ ጥያቄ ካንቺ ላይ ግማሹን ሸክም ያወርዳል። የማያውቁትን ነገር በድንገት ከመጣል፣ ከሚያውቁት ተነስቶ መቀጠል ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ዓመተ ምሕረት ተጠንቀቂ። አንቺና አያትሽ ‹2001› ትላላችሁ፤ የእነሱ ወረቀት ‹2009› ይላል። ‹2001› ብለሽ ከጻፍሽላቸው፣ ሳይወለዱ የሄዱ ይመስላቸዋል። በእነሱ ቁጥር ጻፊላቸውና በአንድ መስመር ምክንያቱን ንገሪያቸው።

አሁን ወደ አያትሽ። ‹ሄዳችሁ በያቸው› ስትልሽ ልትዋሽ የፈለገች አልመሰለኝም። ‹ሰጠናችሁ› የሚለው ቃል ስለሚያቃጥላት ነው። አንቺም ልክ ነሽ፤ ‹ኦስ ፉዊስቴይስ› ካልሽ ባለቤቱ እነሱ ናቸው። ሻንጣውን ያነሳ፣ በሩን የከፈተ፣ ትታችሁኝ የሄዳችሁ ማለት ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ይከብዳል። ሳያውቁት የጥፋተኝነት ስሜት ሊያድርባቸው ይችላል።

‹ወሰዷችሁ› ማለትስ? በስፓኒሽ ‹ኦስ ዬባሮን› ይሆናል። እኔ አልወደውም። ‹እነሱ› የተባሉት እነማን ናቸው ብለው ማሰባቸው አይቀርም፤ መልሱም ያሳደጓቸው እናትና አባት ናቸው። ከመጀመሪያው ቁም ነገር ደብዳቤሽ ያን ተረድተው ከቤታቸው ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲቀመጡ አትፈልጊም። ‹ኦስ ዲሞስ›፣ ሰጠናችሁ፣ ደግሞ ‹ሞስ› የምትል ጫፍ አለችው፤ የእኛ ‹ን› ናት። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፦ በዚያች ‹ን› ውስጥ አንቺ አለሽበት? 15 ዓመትሽ ነበር። የጠየቀሽ ሰው ነበር? እጃቸውን ስለያዝሽ ብቻ ውሳኔውን ላለፉት 16 ዓመታት አብረሽ የተሸከምሽው ይመስለኛል። ደብዳቤሽ ውስጥ ‹የሸኘሁት እኔ ነኝ› ያልሽበት መስመር እንደዚያ ነው የተሰማኝ። ከተሳሳትኩ ይቅር በይኝ።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። አያትሽ የተነገራት ‹ተምረው ይመለሳሉ› የሚል ነው ብለሻል። እህቴ፣ የዚህ ስሙ ‹ሰጠናችሁ› አይደለም፤ ‹ሄዳችሁ›ም አይደለም፤ ‹ላክናችሁ› ነው። ልጅን ለትምህርት ከተማ ላለ ዘመድ መላክ በእኛ አገር ያለና የነበረ ነው። በእሷ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ከዚህም የራቀ አይተዋል፤ በደርግ ጊዜ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ ብዙዎቹ በጦርነቱ የወደቁ ወታደሮች ልጆች፣ ኩባ ተልከው የወጣቶች ደሴት በምትባለው ቦታ ተምረዋል። ብዙዎቹም ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው ተመልሰዋል። በባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ ልጅ ያየች ሴት፣ ‹ተምረው ይመለሳሉ› ሲሏት ለምን ታምናለች ተብሎ አይጠየቅም። አንቺ ቤት የሆነው በብዙ ቤት ሆኗል። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰዎች ጉዲፈቻን በሕግ የከለከለችውም ብዙ እንዲህ ያለ ቅሬታ ከተሰማ በኋላ ነው።

‹ላክናችሁ› በስፓኒሽ ‹ኦስ ማንዳሞስ› ነው፤ ‹ኦስ ማንዳሞስ አ ኤስቱዲያር› ካልሽ ‹እንድትማሩ ላክናችሁ›። አንዲት ወጥመድ አለችበት፦ ‹ማንዳሞስ› ‹እንልካለን›ም ‹ላክን›ም ነው፤ ቅርጹ አይለይም። ዓመቱን ካጠገቡ ካስቀመጥሽ፣ ‹ኤን 2009›፣ ያን ጊዜ ማንም አይሳሳትም። ቀጥለሽም እውነቱን ሙይው፤ እንደማይመለሱ የገባችሁ ኋላ መሆኑን። ‹ኦስ ኤስፔራባ› ትያለሽ፣ እጠብቃችሁ ነበር። እዚህ ላይ ‹እኔ› ሁኚ። ይሄ ያንቺ ነው።

ይሄን ለአያትሽ መጀመሪያ በአማርኛ አንብቢላት። ‹ሰጠናችሁ አላልኩም፤ ላክናችሁ ነው ያልኩት› በያት። ፈቃደኛ ከሆነች ሌላም ነገር ጠይቂያት፦ ያኔ ማን ምን ብሎ ነገረሽ? ለልጆቹስ ማታውን ምን ብለሽ ነገርሻቸው? መልሷን በስልክሽ ቅጂው። ድምፅዋ ለወንድሞችሽ ከማንኛውም ወረቀት ይበልጣል። እምቢ ካለችም አትጫኛት፤ እስከ ነሐሴ ጊዜ አለ።

ስለ አስተርጓሚው ሁለት ቦታ እከፍለዋለሁ። ደብዳቤውን ራስሽ ጻፊ፤ በተሰባበረውም ቢሆን። አንድ ዓመት ሙሉ ባንኮኒ ላይ ተደግፈሽ የተማርሽው ለዚህ ነው፤ ስህተቱ ውስጥም ድካምሽ ይታያቸዋል። አሥር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ነሐሴ ላይ ግን አያትሽና እነሱ አንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ እንባውም ወሬውም ሲቀላቀል፣ አንቺ አስተርጓሚም እህትም ልትሆኚ አትችዪም። ለዚያ ቀን ሰው ፈልጊ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆስፒታሎች አካባቢ ኩባ የተማረ ሰው ብትጠይቂ ሳይገኝ አይቀርም፤ የቤተሰብ ሰው ባይሆን ይመረጣል። እሱ ግን በኩባ ወጉ ‹ኡስቴዴስ› እያለ ነው የሚተረጉመው። ወንድሞችሽን አስቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው፤ ያለበለዚያ ባንኩ ደሴ ድረስ ተከትሎን መጣ ይላሉ።

ከደብዳቤው አብዛኛውን በ‹ባይስ›ና በ‹ያይስ› ጻፊው። የጠየቁሽ እንዴት እንደሄዱ ነው፤ ግን የስድስትና የአራት ዓመት ልጆች ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር ከአያትሽና ካንቺ በቀር የሚነግራቸው በዓለም ላይ የለም። ማን አልጋ ውስጥ ይራገጥ ነበር? ማን ዶሮ ይፈራ ነበር? ‹ዶርሚያይስ ኮንሚጎ›፣ ከእኔ ጋር ትተኙ ነበር፤ ይሄን ብቻ ብትጽፊ ስንት ነገር ነው። የሄዱበትን ቀን ለመጨረሻ አቆዪውና በሁለት በሦስት ‹ስቴይስ› አሳጥሪው፦ ‹ሳሊስቴይስ ዴ ደሴ ኤን ኹኒዮ ዴ 2009›፣ በሰኔ ከደሴ ወጣችሁ። ‹ወጣችሁ› ማንንም አይከስም፤ የሆነውንም አይደብቅም።

በምን ልጀምር ካልሽኝ፣ ትንሹ አንዲት ቃል ይዞ ቀርቷል ብለሻል። ‹ኮሚያይስ ቆሎ ኤን ላ ፑዌርታ› ብለሽ ጀምሪ፣ በር ላይ ቁጭ ብላችሁ ቆሎ ትበሉ ነበር። በሩ ላይ ካልነበረ የነበረበትን ጻፊ። ‹ቆሎ›ን አትተርጉሚያት።